ትንኝ

አርባ ዓመት ሙሉ ካቻቢቴ ይዤ፣
ጫፉን ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮዬ አያይዤ፣
"ቫልቩ ላልቷል" ስል፣ "ፒስቶኑ በልቷል" ስል፣
ሳልፈታ ስናገር ጠንቋይ ነው እስክባል፣
ሽምብጥ ውስጥ አረጀሁ፤
በሰው መኪና ሳል ስንት ልጅ አሳደግሁ።
ላንድክሩዘር ሲያጓራ፣ ባጃጅ ሲያስነጥስ፣
የትኛው ጥርስ ላልቶ፣ የቱ ጋ እንደሚፈርስ፣
ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምመልስ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤
የጣና ጉም ገና ከዘንባባው ሳይወርድ፣
ሁለት መኪና ገባ፣ በአንድ በር፣ በአንድ መንገድ።

ቀዩ የይበልጣል ነው፤ ዓሣ በበረዶ አሽጎ የሚልክ፣
መኪናው ባትሪ ብቻ፣ ለማደያ ሰልፍ የማይንበረከክ።
ሌሊት በአዲሱ ድልድይ ላይ ሲለቀው፣
ጉማሬ ቀና አይልም፤ ማን ሰምቶ ሊያውቀው!
"በአራት ሰከንድ መቶ ይገባል" አለኝ፤
እኔ በአራት ሰከንድ
ገና መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ አልተቀመጠልኝ።

ግራጫው የወይዘሮ አስናቁ፣ ከዳንግላ እህል የምትጭን፤
ግማሹ በባትሪ፣ ግማሹ በቤንዚን።

"በቅሎ!" አላት ይበልጣል፣
"አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ የምትል!"
"ያንተዋስ?" አለችው፣ "በገመድ የታሰረች ጥጃ አይደለች?
ከሆቴሉ ግድግዳ መች ርቃ ሄደች?
መብራት የጠፋ 'ለት
ከጀነሬተሩ ጡት ናፍታ እንደጠባች
ሰፈሩ መች አጣው?"

እኔ ዝም።
ክሪኩን አስገብቼ ሁለቱንም ሰቀልሁ፣
ከታች ያለውን ልባስ ብሎን በብሎን ገፈፍሁ።
ማስተዋል፣ ተለማማጄ፣ ባትሪ እያበራች፣
ጭቃውን በክንዷ ጠርጋ ቁጥሩን አነበበች።
አንዴ ከቀዩ ሥር፣ አንዴ ከግራጫው፤
አንድ ቁጥር፣ አንድ ማኅተም፣
አንድ የመዳብ ጥምጣም፣ አንድ ውኃ መምጫው።

ያው ሞተር።
አንድ ፋብሪካ ወልዶ፣ ሁለት ቀሚስ አልብሶ፣
ለደፋርና ለፈሪ ሸጧታል፣ አንዷን መላልሶ።

ሽማግሌዎች ይላሉ፦ ዓባይ ጣናን ሲሻገር
አይቀላቀልም፤ መንገዱን ያውቃል እንደ ባለአገር።
በታንኳ ሄጄ ፈልጌዋለሁ፣ በወጣትነቴ፤
ደንገል እንጂ መስመር አላየሁም፣ እስከ ማታ ድረስ።
ዛሬ ግን ጢስ ዓባይ ላይ ወድቆ፣ በሽቦ ዞሮ ሲመለስ፣
ከመኪና ሆድ ያየሁት መሰለኝ፤
ያው ውኃ፣ በሁለት ልብስ።

ለባለቤቶቹ አልነገርኋቸውም ገና፤
ጭቅጭቅም ደንበኛ ያመጣልና።

የታመመው ቀዩ ነው። "ሰማንያ ሲደርስ
አንድ ነገር ይላል" ብሎ ነው ያመጣው።
ካቻቢቴዬን አወጣሁ፣ ቦታዬን ያዝሁ።
"ነዳጅ ስጠው!" አልሁት ይበልጣልን፤
ልማድ ነው፤ ነዳጅ ከየት አባቱ ሊያመጣ።
ጎማው በአየር ላይ ዞረ።
ጠበቅሁ።
ምንም ድምፅ አልመጣ።
ነፋስ እንደሌለበት ሐይቅ፣ ጸጥ።

"ደህና ነው" ልል ስል፣
አንገቷን ዘንበል አድርጋ ማስተዋል፣
"ጋሼ፣ አይሰማዎትም?
እንደ ትንኝ ያለቅሳል።"

ትንኝ!
እኔ ጣና ዳር ተወልጄ፣
ትንኝ ያልቀሰቀሰኝ የልጅነት ሌሊት የለኝም፤
ከመቼ ወዲህ ነው እሷ ለእኔ ዝም ያለችው?
አርባ ዓመት ናፍታ እየጮኸብኝ
ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ሲለቅም ኖሯል፤
ወፍራሙን ትቶልኝ፣
እኔም ሙሉ የሰማሁ መስሎኝ።

ካቻቢቴውን ሰጠኋት። ጥቁር እጀታ፣ በላብ የወዛ።
በቱታዋ ወለወለችው፤ ትንሽ ከፋኝ፤
ከዚያ ከጆሮዋ አስጠግታ
ዓይኗን ጨፈነች፣ ልክ እንደኔ።
"የቀኙ ኩሽኔታ ነው።"

ፈታነው።
የቀኙ ኩሽኔታ ነበር።

ውጪ፣ ከዘንባባው ሥር፣
በቅሎና ጥጃ ገና ይሰዳደባሉ።
እሱ፣ እሱ ይሰማኛል።